የቀበሮዋ ዋሻና የሜዳው አለት

አንድ ጊዜ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ የአንድ ቆላ አራዊት ሁሉ የሚጠጡት ከአንዲት ኩሬ ብቻ ሆነ። ወደ ኩሬዋ የሚወርዱት መንገዶች ሁለት ነበሩ። አያ ጅቦ ደግሞ ዛሬ በላይኛው፣ ነገ በታችኛው ያደባል። አራዊቱም ጅቡ የዋለበት መንገድ በየቀኑ የሚጻፍበት የማስታወቂያ ቦታ ሊያቋቁሙ ተሰበሰቡ።

እሜት ቀበሮ ቀድማ ተነሳች። «ምን አደከማችሁ? የእኔ ዋሻ ግድግዳው ልስልስ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ውሰዱት። ያያችሁትን ለእኔ ንገሩኝ፤ መጻፉንም መፋቁንም ለእኔ ተዉት። እናንተ መጥታችሁ ማንበብ ብቻ ነው።»

አህያ ጆሮዋን ጥላ ስትሰማ ቆየችና፣ «ሜዳው ላይ ያለውን አለት ጠርበን ሁላችንም ብንጽፍበትስ?» አለች በቀስታ።

«ስንት ቀን ይፈጃል?» አለ ከርከሮ።

«ሰባት ቀን።»

«እስከዚያ ምላሴ ይድረቅ?»

«ተዋት፣ እሷ የገዛ ጥላዋ ሲከተላትም ትሮጣለች» አለች ፍየል። ሁሉም ሳቁ። አህያ «ቀበሮ ብትሳሳት ማን ያርማታል?» ልትል ነበር፤ ግን አፍራ ተወችው። ዋሻው ተመረጠ።

በሦስተኛው ቀን ፍየል «የላይኛው መንገድ ሰላም ነው» የሚለውን አንብባ ወረደች። አልተመለሰችም። «ምስኪን፣ አጣርታ አላነበበችም መሰለኝ» አለች እሜት ቀበሮ።

በማግስቱ አህያን ውሃ ጥም አስጨነቃት። እየፈራች ዋሻው ገባች። ግድግዳው ላይ «የታችኛው መንገድ ሰላም ነው» ይላል። ልትወጣ ስትል ከደጅ ድምፅ ሰማችና ከውስጠኛው ቋጥኝ ጀርባ ተለጠፈች።

«እሜቴ፣ ዛሬ የትኛው ነበር ያልሽኝ?» አለ አያ ጅቦ።

«ታችኛው። ሰላም ነው ብዬ ጽፌልሃለሁ፤ ሄደህ አድባ። ለመሆኑ የፍየሏ ሽንጥ ድርሻዬ አልነበር? የታለ?»

«ላመጣልሽ ይዤው ተነስቼ ነበር። መንገድ ላይ በላሁት።»

አህያ ቋጥኙ ላይ ይበልጥ ተጣበቀች። ትንፋሿን ዋጠች። ጅቡ አፍንጫውን ወደ ዋሻው አዞረ።

«እሜቴ፣ አህያ አህያ ይሸተኛል።»

«አንተን ደግሞ መቼ ነው አህያ የማይሸትህ? ይልቅ ቶሎ ሂድ።»

ሄደ፤ ቀበሮዋም እየተነጫነጨች ተከተለችው። አህያ ድምፃቸው እስኪርቅ ጠበቀች። ከዚያ ሮጣ የሰማችውን ለአራዊቱ ሁሉ ነገረች። የሳቀ አልነበረም። ሰባት ቀን ሙሉ በቀትር፣ በመንጋ ሆነው ውሃ እየወረዱ አለቱን ጠረቡ።

አለቱ ባለቀ ቀን እሜት ቀበሮ መጣች። «እኔም ያየሁትን ልጻፍ?»

«ጻፊ፣ እሜቴ» አለች አህያ ከራቅ ብላ። «ግን ከጽሑፉ ስር የእግርሽን ዱካ በጭቃ አትሚበት። እዚህ የጻፈ ሁሉ ያትማል።»

እሜት ቀበሮ አለቱን አየች፤ እግሯንም አየች። «ሌላ ቀን» ብላ ሄደች። አህያም ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አንብባ፣ ከስሩ ያሉትን ዱካዎች አንድ በአንድ አይታ፣ ያኔም እየፈራች ወደ ውሃው ወረደች።

ከዚህ የምንማረው፣ ብዙዎች ሕይወታቸውን አምነው የሚያነቡትን ነገር ስናቋቁም ቶሎ የሚደርስልንን ሳይሆን፣ ማን ምን እንደጻፈበት ሁላችንም የምናይበትንና ስህተቱን የምናርምበትን መምረጥ እንዳለብን ነው።