ለአያ ጅቦ የተነጠፈው ቁርበት

አንድ ጊዜ፣ ገና ጡት ሳትተው፣ ጭምቴ የምትባለውን አህያ እናቷ እንዲህ አለቻት፦ «ልጄ፣ ጉልበተኛ እንግዳ ሲመጣ ንግግሩን ተይው። ምራቁን የሚውጠው ማንን ሲያይ እንደሆነ ብቻ ልብ በይ።»

ጭምቴ አደገች፣ ወለደች፤ ምክሩ ግን ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። በአህዮች ሜዳ እንግዳ አይመጣማ። ጠብ ግን ሞልቶ ነበር፤ ያውም በአመድ። በሜዳው መሃል አንድ የአመድ ክምር አለ። ግራጫዎቹ አህዮች «መልኩ የኛ ነው፤ ቀድመን የምንንከባለልበት እኛ ነን» ይላሉ። ቡላዎቹ ደግሞ «እናንተማ ብትንከባለሉም ባትንከባለሉም ያው ናችሁ፤ አመድ የሚታየው በኛ ላይ ነው» ይላሉ። በዚሁ ሰበብ ስንት ጊዜ ተራገጡ።

አንድ ቀን ጋሽ ቆራጣ ግራጫዎቹን ሰበሰበ። ስሙ የወጣለት የአንድ ጆሮው ግማሽ በቡላዎች ጥርስ ስለጎደለ ነው። ከወንዝ ማዶ የጅብ ጦር መጥቶ ይገላግለን አለ። እመት ቀበሮ ከማዶ እየተመላለሰች፣ ጅቦቹ ሥጋ መተዋቸውን፣ አሁን ሥራቸው ማስታረቅ ብቻ መሆኑን ነግራዋለች።

የቡላዎቹ ሽማግሌ አባ ዳውላ ይህን ሲሰማ ሳቀ። «አህያ ላህያ ቢራገጥ ጥርስ አይሳበርም። ጅብ ምን አገባው?»

«ሁለት ጆሮ ላለው ነገሩ ይቀላል» አለ ጋሽ ቆራጣ።

ጭምቴ ግራጫ ናት። የጆሮው ነገር እውነት ስለሆነ አሳዘናት፤ የጅቡ ነገር ግን አላማራትም። ቢሆንም ዝም አለች። ክርክሩ ሦስት ቀን ፈጀ። በአራተኛው ቀን ቡላዎቹም፣ ጅቡ ለግራጫዎቹ ብቻ እንዳይወግን ፈርተው፣ እሺ ይምጣ አሉ።

አያ ጅቦ ስድስት ወታደሮች አስከትሎ መጣ። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ አስታራቂ ባዶ መሬት ላይ አይቀመጥምና ቁርበት ይነጠፍልኝ አለ። ዝምተኛ ላይ ሥራ ይበዛል፤ ጭምቴ ከነጋዴ ጭነት የወደቀ አንድ ሰፊ የበሬ ቁርበት በጥርሷ ጎትታ አነጠፈችለት።

አያ ጅቦ ተደላድሎ ስለ ሰላም ይናገር ጀመር። ስለ መቻቻል ሲናገር የቁርበቱን ጠርዝ ነከስ አደረገ። ስለ አንድነት ሲናገር አንድ ክንድ ያህሉ ሄደ። እመት ቀበሮ ጎሸም ብታደርገው፣ በባዶ ሆድ ሽምግልና የለም ብሎ አንሾካሾከላት። አህዮቹ ሁለት ሁለት ጆሯቸውን፣ ጋሽ ቆራጣም አንድ ተኩሉን አቁመው ያዳምጣሉ። ጭምቴ ግን ንግግሩን ትታ ጉሮሮውን ታያለች። ቁርበቱ መዳፍ ሲያክል፣ አያ ጅቦ ቀና ብሎ የሷን ልጅ አየ፤ ምራቁን ዋጠ። ቀጥሎ የቡላዎቹን ውርንጭላ አየ፤ ደግሞ ዋጠ።

በመጨረሻም ለሰላሙ መያዣ እንዲሆን ከሁለቱም ወገን ውርንጭሎች በእኩል ይሰጡኝ አለ። «በእኩል» የምትለዋን ሲሰሙ ጋሽ ቆራጣና አባ ዳውላ አንድ ላይ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ጭምቴ በስብሰባ ተናግራ አታውቅም። ልጇን ከኋላዋ ከለል አድርጋ ብድግ አለች።

«አያ ጅቦ፣ ቁርበቱ አልቋል። ነገ ምን እናንጥፍልዎ?»

ጅብ ነገር አይጠረጥርም፤ የተጠየቀውን ይመልሳል። «የግራጫው ልጅ ቆዳ ለስለስ ይላል፤ የቡላው ደግሞ ወፈር ይላል» አለና ትንሽ አሰበ። «ግድ የለም፣ ከተገፈፉ ሥጋቸው አንድ ነው።»

እመት ቀበሮ ለማለት የፈለገው ሌላ ነው ልትል አፏን ስትከፍት አህዮቹ እርስ በርስ ተያዩ። ማንም ትእዛዝ አልሰጠም። ግራጫውም ቡላውም ጀርባውን ለጅቦቹ አዞረ፤ የኋላ እግር ሁሉ አንድ ላይ ተነሣ። አያ ጅቦ ከነወታደሮቹ ወንዙን ሲሻገር አፉ ውስጥ የቀሩት ሦስት ጥርሶች ናቸው። ቀበሮዋማ ከሱ ቀድማ ተሻግራለች።

አባ ዳውላ ሣሩ ላይ የተበተኑትን ጥርሶች እያየ፣ «ተረቱ ላህያ አለ እንጂ ለጅብ መች አለ» አለ። ከዚያ የጋሽ ቆራጣን ጆሮ አየና አንገቱን ደፋ። «የጆሮህስ ጥፋት የኛ ነው፤ ይቅር በለን።»

የአመዱ ክርክር በማግስቱ ቀጠለ። ጭምቴ ግን ሲከራከሩ ትታቸው አመዱ ላይ ጋደም አለች፤ ወደ ዳር ጠጋ ብላም ለቡላዎቹ ውርንጭላ ከልጇ ጎን ቦታ ለቀቀችለት።

ከዚህ የምንማረው፣ በቤታችን የተጎዳውን እኛው ቀድመን ካልካስነው፣ ላስታርቃችሁ ብሎ የሚመጣው ባዕድ መጀመሪያ የተቀመጠበትን፣ ቀጥሎም ልጆቻችንን እንደሚበላ ነው።