በሆድ ሳለ የደነበረው ፈረስ

አንድ ባለጠጋ ነበረ፤ ከብቱ ብዙ፣ አፉ ከከብቱ የበዛ። ሲቆጣ የጎረቤት ዶሮ ቀኗ ሳይደርስ እንቁላሏን ትጥላለች ይባልለታል። ይህ ሰው ለጥምቀት ጉግስ ጩኸት የማይፈራ ፈረስ ይመኝ ነበርና፣ ባዝራው ስታረግዝ ዘዴ መጣለት። ጀግና የሚሠራው ገና በሆድ ሳለ ነው አለ። ጠዋት ማታ አጠገቧ ቆሞ ጅራፍ ያጮህ፣ ነጋሪት ያስመታ፣ ይፎክር ጀመር። ባዝራዪቱ ሣር ጠላች፤ ጎኗ እንደሚነፋ ወንፊት ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ሚስቱ እባክህ ተዋት፣ እርጉዝ ናት ብትለው፣ ፈረስ እያሠለጠንኩ ነው፣ አርፈሽ ተቀመጪ አላት።

ውርንጭላው ተወለደ፤ መልኩ ያማረ። ከዚያ ወዲያ ባለጠጋው ክፉ አላሳየውም፤ ገብስ በእጁ እያጎረሰ አሳደገው። ፈረሱ ግን ከቢራቢሮ ይሸሻል፣ ጥላውን አይቶ ይደነብራል። ጌታው ያስነጠሰ ቀንማ አጥር ጥሶ ከወንዝ ማዶ ተገኘ።

የጥምቀት ዕለት ባለጠጋው ለምዱን ደርቦ፣ ጋሻውን አንግቦ ሜዳ ወረደ። ሴቶቹ እልል ከማለታቸው ፈረሱ ጌታውን እሾህ አጥር ላይ እንደ እርጥብ ነጠላ አስጥቶት ወደ ቤት ፈረጠጠ። አገሩ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ተጋጣሚ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ለከርሞ አህያዬን ላውስዎት?» አለው።

ባለጠጋው ፈረሱን ሊገድል ምሎ ቤቱ ገባ። ፈረሱ ዳግም ካረገዘችው እናቱ ኋላ ተሸጉጧል። «ከተወለድክ ጀምሮ ጅራፍ አላሳረፍኩብህም፤ ማን አስፈራህ?» ብሎ ጅራፉን አየር ላይ አጮኸው።

ባዝራዪቱ በድንጋጤ ደርቃ ቀረች። ሆዷ ግን ዘለለ። ውስጧ ያለው፣ ገና ፀሐይ ያላየው፣ ተወራጨ፤ ኮቴው ቆዳዋን ገፍቶ እንደ ጡጫ ወጣ። የባለጠጋው ክንድ አየር ላይ ቀረ። ጅራፉን ጥሎ ፋንድያው ላይ ዝርፍጥ አለ። ያ አገር የሚያንቀጠቅጥ አፍ አንሾካሾከ፦

«እኔ ገና አላየሁትም። እሱ ግን አውቆኛል።»

ፈረሱን አልገደለውም። አንገቱን እያሻሸ፣ ድምፁን እያለዘበ ከረመ፤ መደንበሩ ጨርሶ ባይጠፋም ላላ።

ጎረቤቴ ደርበው፣ ይህን ተረት ያወራሁልህ ሆድ ውስጥ ያለ ልጅ ምን ያውቃል ብለህ ስለ ጠየቅኸኝ ነው። ባለጠጋው አንተ ነህ። ባዝራዪቱም፣ ይቅር ትበለኝና፣ አንተ ስትጮህ ማጀት ገብታ ሆዷን የምታቅፈው ሚስትህ ናት። የተደናገጠች እናት ልጅ ሁሉ ደንባራ ይሆናል አልልህም፤ ዝናብ የመታው ሁሉ አይታመምም። ነገር ግን ልጅህ አድጎ ሰው መሀል ያለ ምክንያት ልቡ ቢሸበር፣ እሱን ፈሪ ብለህ አትስደበው፣ እሷንም ምን ወለድሽልኝ አትበላት። አባትነት ምጥ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ጀምረኸዋል። በል ተነሥ፣ ቤትህ ግባ፤ በሩንም ቀስ አድርገህ ክፈተው።