ቢጫ ጫማ ለያሲር

የተጫማችሁ ተቀመጡ፣ ያልተጫማችሁም ጠጋ በሉ፤ ተረቱ የጫማ ነው።

በሞሮኮ አገር፣ ፌስ በምትባል አሮጌ ከተማ፣ ቱሪያ የምትባል ልጅ ነበረች። ታናሽ ወንድሟ ያሲር “ይዋኝ እንደሆነ ልይ” ብሎ አንድ እግር ጫማውን ወንዝ ጨመረው። ጫማው አልዋኘም። የዚያኑ ዕለት የአክስታቸው የሱመያ ሠርግ ነበርና እናታቸው ተቆጣች።

“ባዶ እግሩን ሙሽራ ፊት አይቀርብም! ገበያ ሄደሽ ጫማ አሰፊለት። ካልሆነ ሁለታችሁም ቤት ትቀራላችሁ።”

ቱሪያ አክስቷን ከነፍሷ ትወዳታለች። ከሠርጓ መቅረቱን ስታስበው እንባዋ መጣ። ያሲርን በጀርባዋ አዝላ ወደ እጅ ሥራ ገበያው ሮጠች።

“አጎቴ ቡሽታ፣ ለያሲር ቢጫ ጫማ ይስፉልኝ!” አለችው ጫማ ሰፊውን።

“መርፌ አለኝ፣ ክርም አለኝ፣ ቆዳ ግን የለኝም። ሂጂና ከቆዳ አልፊው አምጪልኝ። ደግሞ ቀስ በይ ልጄ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።”

ለእሱ ምን አለበት፣ ያሲርን ያዘለው እሱ አይደለም! ቱሪያ አፍንጫዋን ይዛ ቆዳ አልፊው ዘንድ ገባች። የዚያ ሰፈር ሽታ ሌላ ነው።

“ቆዳውማ ይኸው፣ ግን ገና ደረቅ ነው” አላት። “የሚያለሰልሰው የርግብ ኩስ ነው።”

“ኩስ?” አለ ያሲር ከጀርባዋ ላይ፤ ገበያው ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለው።

“አዎ፣ ኩስ! አባቶቻችንም ያለሰለሱት በእሱ ነው። ርግብ ከሚያረቡት ከእማማ ይጦ አምጪልኝ።”

ጫማ ሰፊው ያለ ቆዳ አልሰፋም አለ፤ ቆዳው ያለ ኩስ አልለሰልስም አለ። ቱሪያ ደረጃውን ወጥታ ከእማማ ይጦ ሰገነት ደረሰች። አሮጊቷ ጥሬ በእጃቸው ይዘው ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

“ርግቦቼ አንወርድም አሉ፣ ልጄ። ያ መዳብ ቀጥቃጭ በመዶሻው አስበረገጋቸው። ርግብ ሳይወርድ ኩስ ከየት ይመጣል?”

ጫማ ሰፊው ያለ ቆዳ አልሰፋም አለ፤ ቆዳው ያለ ኩስ አልለሰልስም አለ፤ ርግቦቹ መዶሻው ካልቆመ አንወርድም አሉ። ቱሪያ ወደ መዳብ ቀጥቃጩ ወረደች። ጓ! ጓ! ጓ!

“መዶሻውን ያቁሙልኝ!”

“ምን አልሽ?”

“ያቁሙልኝ!”

“አሃ! እኔ መዶሻዬን የማስቀምጠው ለናና ሻይ ብቻ ነው። ውሃው ፈልቷል፣ ስኳሩም ቀርቧል። ናናው ግን ያውልሽ፣ አህያው ላይ ነው። አህያው ደግሞ ቆሟል።”

ጫማ ሰፊው ያለ ቆዳ አልሰፋም አለ፤ ቆዳው ያለ ኩስ አልለሰልስም አለ፤ ርግቦቹ መዶሻው ካልቆመ አንወርድም አሉ፤ መዶሻው ናና ካልመጣ አልቆምም አለ፤ አህያው ደግሞ፣ ማንም ምንም ቢለው፣ አልራመድም አለ።

ጌታው “ባላክ! ባላክ!” እያለ ይጮኻል፤ ዞር በሉ ማለቱ ነው። ሰው ሁሉ ግድግዳ ተለጥፎ መንገዱን ለቀቀለት። አህያው ግን ንቅንቅ አላለም። ጌታው ጎተተው፣ ገፋው፣ በመጨረሻም ለመነው።

“ታዲያ ናናውን በእጅዎ አይሰጡኝም?” አለች ቱሪያ።

“መንገድ ላይ ጭነት አይፈታም! ከደንበኛ በር ደርሼ ነው የማወርደው። የቀኙን ቅርጫት ታች ሰፈር አራግፌ መጣሁ፣ ይኸው ከዚያ ወዲህ አበደብኝ።”

ከሩቅ የሠርጉ ከበሮ ተሰማ። ያሲርም ከበሮውን ልይ ብሎ በጀርባዋ ላይ ወደ አንድ ጎን ዘመመ። “ቀጥ በል! እንዲህ ስትሆን መራመድ አልችልም!” ብላ ጮኸችበት። ወዲያው አህያውን አየችው። የግራው ቅርጫት በናና ጢም ብሏል፣ የቀኙ ባዶ ነው፣ ኮርቻው ተጣሟል።

“ያሲር፣ ውረድ!”

“ወዴት?”

አንስታ ባዶው ቅርጫት ውስጥ ዶለችው። ኮርቻው ተስተካከለ። አህያው ጆሮውን አራገበና መንገዱን ቀጠለ፤ ጌታው አፉን ከፍቶ ቀረ።

አህያው ተራመደ፣ ናናው ደረሰ፤ ናናው ደረሰ፣ መዶሻው ቆመ፤ መዶሻው ቆመ፣ ርግቦቹ ወረዱ፤ ርግቦቹ ወረዱ፣ ኩሱ ተገኘ፤ ኩሱ ተገኘ፣ ቆዳው ለሰለሰ። (ቆዳ እንዲህ በአንዴ ይለሰልሳል ወይ የምትሉ፣ ቆዳ አልፊውን ጠይቁት፤ እኔ ሠርግ ሊያልፍብኝ ነው።) ቆዳው ለሰለሰ፣ ጫማ ሰፊውም ሰፋ።

ያሲር ቢጫ ጫማውን አጠለቀ። ቱሪያ ደስታዋን አልቻለችም።

“በል አሁን በእግርህ! ሙሽራዋ ልትወጣ ነው!”

ያሲር ጫማውን አየ። አቧራውን አየ። እንደገና ጫማውን አየ።

“ይቆሽሽብኛል” አለ። “እዘይኝ።”

ቱሪያ ልትጮህ አፏን ከፈተች፣ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። አዘለችውና እየሳቀች ሮጠች። እናታቸው በር ላይ ቆማ መጀመሪያ ያየችው እግሩን ነው፤ ከሠርገኛው ሁሉ እንደ እሱ ንጹሕ ጫማ ያደረገ አልነበረም። ሱመያም ከሙሽራ ወንበሯ ተነሥታ ሁለቱንም አንድ ላይ አቀፈቻቸው።

ተረቴ አለቀ፤ ያሲር ግን እስካሁን አልወረደም።