ዘግይቶ የሚፈላው ውሃ

አንድ የጨው ነጋዴ ነበር፤ ስሙ ግደይ ይባላል። ከግመል ቅፍለት ጋር ወደ በረሃ እየወረደ ጨው ጭኖ ይመለስ ነበር። አንድ ጊዜ ግን ግመሎቹ በበሽታ አለቁበትና እዚያው ቀረ። ሌላ ግመል እስኪገዛ ድረስ በበረሃው ጨው ሲቆርጥ ሁለት ዓመት አለፈ። በእነዚያ ዓመታት ሐሳቡ ሁሉ ሚስቱ ትበርህ ጋ ነበር። ስታየኝ ትስቅ ይሆን? ታለቅስ ይሆን? እያለ ፊቷን በዓይነ ሕሊናው ይስለዋል።

በአገሩ ልማድ ቅፍለቱ ሲመለስ ሴቶች እልል እያሉ እስከ መንደሩ ዳር ይወጣሉ። በየቤቱም ሁለት ድስት ውሃ ይጣዳል። አንዱ የመንገዱን አቧራ ለማጠብ ነው። በሌላው ውስጥ ብዙ ጨው ይሟሟበታል፤ ፈልቶ ለብ ሲል የተሰነጠቀ ተረከዝ ይዘፈዘፍበታል።

ግደይ በተመለሰ ቀን የጓደኞቹ ሚስቶች እየሮጡ ባሎቻቸው አንገት ላይ ተጠመጠሙ። ትበርህ ግን አልወጣችም። ቤቱ ሲደርስ ከበሩ አጠገብ ሣር ያልበቀለበት ራቁት መሬት አየ። «ግቢውንም ረስታዋለች» ብሎ አዘነ።

ትበርህ ከውስጥ ቆማ አየችው።

«መጣህ?» አለችው።

«መጣሁ።»

ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሁለቱን ድስቶች በአንድ ምድጃ ላይ ጣደች፤ ውሃው መጋል ሲጀምርም ተጨማሪ እንጨት ልታመጣ ወጣች።

ግደይ ጥግ ላይ ወደተቀመጡት አክስቱ ዞረ። «አክስቴ፣ ነገ ከቅፍለቱ ጋር ተመልሼ እሄዳለሁ» አላቸው።

«ምነው? ገና እግርህን እንኳ ሳትታጠብ!»

«አላዩአትም? የሰው ሚስት እንዴት ባሏን እንደተቀበለች! የእኔዋ ግን ቀዝቅዛለች።»

ያን ጊዜ ጨው የሌለበት ውሃ እየተንተከተከ ፈላ። የጨው ውሃው ዝም እንዳለ ነበር።

«ይኸው፣ ውሃዋም እንደ እሷው ነው» አለና በብስጭት ጣቱን ዝም ወዳለው ድስት ሰደደ። «ዋይ!» ብሎም ዘለለ።

አክስቱ ሳቃቸው መጣ። «እንፋሎቱን አላየህም እንዴ?»

«ዝም ሲል የጋለ አልመሰለኝም!»

«አንተ ጨው መጫን እንጂ ማሟሟት መች ታውቃለህ! ጨው የበዛበት ውሃ ከዚያኛው እኩል ግሎም አይፈላም። የፈላ ለት ደግሞ ከዚያኛው ይብሳል።» ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት። «ስማ ልጄ። ቅፍለት መጣ በተባለ ቁጥር እነዚህን ድስቶች ጥዳ መንደሩ ዳር ትወጣ ነበር። አንተን ስታጣ ትመለሳለች፤ ውሃውም ይቀዘቅዝና ደጅ ትደፋዋለች። ያን ራቁት መሬት አላየኸውም? ጨው በጠጣ መሬት ሣር ይበቅላል? ዛሬ ያልወጣችው ደግሞ ባጣውስ ብላ ፈርታ ነው።»

ግደይ ወደ በሩ ዞሮ ያን ራቁት መሬት እንደገና አየ። ትበርህ እንጨቱን ታቅፋ ስትገባ ጣቱን ይዞ አየችው።

«ምን ሆንክ?»

«ውሃው አቃጠለኝ።»

«እኔ ሁለት ዓመት ጠብቄህ፣ አንተ ውሃ እስኪበርድ መጠበቅ አቃተህ?»

ልትቀልድ ነበር፤ ግን እንባዋ ቀደማትና እንጨቱ ከእቅፏ ወደቀ። ግደይ ተነሥቶ ያዛት። ከኋላቸው የጨው ውሃው መፍላት ጀመረ።

አንድ ቁንጥር ጨው በአንድ ድስት ውሃ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያመጣም፤ ብዙ መሟሟት አለበት። ናፍቆትም እንዲሁ ይመስለኛል። ጥቂት የናፈቀ ሰው ቶሎ ይንተከተካል። ብዙ የተጠራቀመበት ልብ ግን ሲያዩት ዝም ያለ ነው፤ ዝምታው ቅዝቃዜ አይደለም። ስለዚህ አንድን ሰው ረስቶኛል ብለን ፊታችንን ከማዞራችን በፊት እንፋሎቱንም ደጁንም እንይ።

እናንተስ፣ ዝም ስላለ ብቻ ትታችሁት የሄዳችሁት ሰው አለ? ዛሬም ውሃ ጥዶ እየጠበቀ ቢሆንስ?