ባለነብሩ ብርድ ልብስ

ዘነቡን የበደለቻት ትርንጎ ናት። ይኼ ከሁሉ በፊት ይነገር፤ ኋላ ነገሩ ሲደበላለቅ፣ በዳይና ተበዳይ ሲምታታ፣ ከየት እንደተነሣን እንዳይረሳ።

በአንድ ወቅት፣ የአሰብ መኪና ሲወጣ ሲወርድ በሚውልበት ዘመን፣ መንገዱ ወደ ቆላው ከመዘቅዘቁ በፊት ባለች አንዲት ነፋሻ ከተማ የእትዬ ደብሪቱ ሆቴል የሚባል ቤት ነበር። ሆቴል ተባለ እንጂ ፊቱ ምግብ ቤት፣ ጓሮው ሽቦ አልጋ የተደረደረበት ክፍል ነው። በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሾፌር እዚያ ይበላል፣ እዚያ ያድራል። ሥራውን የያዙት ሦስት ሴቶች ነበሩ። ወርቅአንጥፉ ወጥ ትሠራለች። ትርንጎ ታሳልፋለች። ዘነቡ አልጋ ታነጥፋለች፣ አንሶላ ታጥባለች።

ደመወዙ ደመወዝ አይባልም። ወርቅአንጥፉና ዘነቡ በወር የሚሰጣቸው ለሳሙናና ለቅባት ከበቃ ተመስገን ነው። ትርንጎ ደግሞ ጭራሽ ምንም የላትም። "አንቺ ጉርሻ አለሽ፤ ከእኔ ደግሞ ምን ልትወስጂ ነው?" ትላታለች እትዬ ደብሪቱ። ስለዚህ ትርንጎ ሾፌሩ ሳቅ ሲያምረው ትስቃለች፣ ክንዷን ሲይዛት በዘዴ ታስለቅቃለች፣ ወሬ ሲኖረው ሳህን እንደያዘች ቆማ ታዳምጣለች።

ዘነቡ ይኼን አታይም። እሷ የምታየው የትርንጎን ሽርጥ ነው። የምታጥበው እሷ ናትና ኪሱን ስትገለብጠው ዕቃው ወጥቶ ሽታው ብቻ ይጠብቃታል፤ የሲጋራ ሽታ፣ የብርቱካን ልጣጭ ሽታ፣ ብዙ እጅ የነካው የብር ሽታ። አንዱ ሾፌር ለትርንጎ ጫማ አመጣላት፣ አንዱ ሻሽ፣ አንዱ ባለእጀታ መስተዋት። መኪና ገና መታጠፊያው ላይ ጥሩምባውን ሲነፋ "ትርንጎ" ብሎ የሚጣራ ነው የሚመስለው። ዘነቡን ግን እንግዳ ፈልጎ ያስጠራት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ቁንጫ። ቁንጫውንም ራሱ ነበር ይዞት የመጣው።

ዘነቡ ቀናሁ አትልም። "እኔ? በእሷ?" ነው የምትለው። ሆኖም የትርንጎን ሽርጥ ከሌላው ልብስ ትለየዋለች፤ ጨርቁ እስኪሳሳ ነው የምታሸው።

ከሾፌሮቹ አንዱ ጋሽ ይርዳው ይባላል። ሚስት የሞተችበት፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ወገቡንና ጨጓራውን መሪ የጨረሰበት ሰው ነው። ሁልጊዜ የሚያርፈው መጨረሻው ክፍል ውስጥ ነው። ለዚህ ሰው ሦስቱም ሴቶች በየፊናቸው ያደረጉለት ነገር አለ።

የወርቅአንጥፉ እንዲህ ነው። ጋሽ ይርዳው በርበሬ በቀመሰ ቁጥር ሆዱን ይዞ ሲታጠፍ ትርንጎ አይታ ለማድ ቤት ነገረች። ከዚያ ወዲህ የእሱ መኪና በመጣ ቁጥር ወርቅአንጥፉ በትንሽ ድስት አልጫ ለብቻው ትጥዳለች። እትዬ ደብሪቱ ደረሰችበት። "ለአንድ ሾፌር ሁለት ድስት የሚጣደው በማን ከሰል ነው?" ብላ ድስቱን በእግሯ ገለበጠችው። የገበያ ቀን ነው፤ ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። ወርቅአንጥፉ ጭልፋውን አስቀመጠች፣ ሽርጧን ፈታች፣ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። "ትንሹ ካልተጣደ ትልቁም አይወጣም" አለች። ሾፌሮቹ ጠረጴዛ መደብደብ ሲጀምሩ እትዬ ደብሪቱ ትንሹን ድስት በገዛ እጇ አንሥታ እሳት ላይ መለሰችው። በዚያ ዓመት ግን ለወርቅአንጥፉ የፋሲካ ቀሚስ አልተገዛላትም። በሚቀጥለውም።

የትርንጎ ደግሞ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጋሽ ይርዳው እንቅልፍ ሳያይ ነድቶ መጣ። ዓይኑ ደም መስሏል፤ እንጀራውን እንደቆረሰ ያንቀላፋል። ጭነቱ በቶሎ ይፈለጋል ተብሏልና "በልቼ ልውረድ" አለ። ትርንጎ ሳህኑን ስታነሣ የመኪናውን ቁልፍ አብራ አነሣች፤ ማድ ቤት ገብታ የሽሮ ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ቀበረችው። ቁልፉ ሲጠፋ ያ ዝግ ያለ ሰው ቤቱን አናወጠው። "ሌባ" አላት። ሰው ሁሉ እያየ በጥፊ መታት።

"አልሰጥም፣ ጋሽዬ" አለችው፤ ጉንጯን እንኳ አልያዘችም። "ተኛና ትወስዳለህ።"

ቢቸግረው ተኛ። በዚያው ቀን፣ ቁልቁለቱ ላይ አንድ መኪና ከእነሾፌሩ ገደል ገባ፣ እንቅልፍ ነው የጣለው የሚል ወሬ መጣ። ጋሽ ይርዳው ይኼን ሲሰማ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። ይቅርታ አላላትም፤ ስለ ቁልፉም ከዚያ በኋላ አንሥቶ አያውቅም። ዘነቡ ጥፊውን ቆማ አይታለች። አልሳቀችም። ግን ያን ዕለት አንሶላ ስታጥብ ስታንጎራጉር ተሰምታለች።

የዘነቡ ይኼ ነው። ትርንጎ ሽርጧን ልትሰጥ ሳፋው ድረስ መጥታ "ጋሽ ይርዳው ወገቡ አላስተኛ ብሎታል፣ ያ አልጋ እኮ ጎድጉዷል" ብላ፣ እንደ ወሬ ጣል አድርጋ ሄደች። ዘነቡ እጇን አድርቃ አልጋውን ሄዳ አየችው። ሽቦው እንደ አንቀልባ ረግቧል። ሳንቃ ብትጠይቅ እትዬ ደብሪቱ "ካልተመቸው ቆሞ ይደር" አለች። ዘነቡ ጓሮ የምታድርባት ጠባብ ክፍል ነበረቻት። እትዬ ደብሪቱ ስትሰጣት መዝጊያ አልነበራትም፤ "ምን ሊሰረቅሽ ነው?" ተብላለች። ቆይታ ቆይታ ከአናጢ አሠርታ፣ ከገበያ በጀርባዋ አምጥታ መዝጊያ የገጠመችላት ራሷ ዘነቡ ናት። ያን መዝጊያ ከማጠፊያው ነቀለችው፣ ተሸክማ ወሰደችው፣ ከጋሽ ይርዳው ፍራሽ ሥር አጋደመችው። በራሷ በር ላይ የማዳበሪያ ጆንያ ሰቀለች። ከተማዋ ነፋሻ ናት ተብሏል። ለማንም አልነገረችም፤ ልታይ ልታይ ማለት አትወድም።

ጋሽ ይርዳው በማግስቱ ቀጥ ብሎ እየተራመደ መጥቶ የክፍሉን ቁልፍ ለትርንጎ ሲመልስ "አልጋችሁ ዛሬ ምን ነካው?" አላት። ትርንጎ ሳቀች። ምን እንደነካው ገና አታውቅም ነበራ። ኋላ ግን የዘነቡን በር በጆንያ ተሸፍኖ ስታየው ጠርጥራ፣ የጋሽ ይርዳውን ፍራሽ ገልጣ አይታለች። አይታም ዝም ብላለች።

ዘመን ሄደ። ጋሽ ይርዳው መሪውን አስረክቦ ጎጃም አገሩ ሊገባ ሆነ። በመጨረሻው ጉዞው ከአሰብ ሲመለስ አንድ ትልቅ ጥቅል በብብቱ ይዞ ገባ። ሲፈታው ብርድ ልብስ ነው፤ ውፍረቱ ከነጠጉሩ እንደተገፈፈ የበግ ቆዳ፣ መሐሉ ላይ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ነብር የተጋደመበት። በዚያች ከተማ እንዲህ ያለውን የሚያነጥፍ ሀብታም ነጋዴ ብቻ ነው። ምግብ ቤቱ ውስጥ ያለው ሾፌር ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

"ይኼን ቤት የለመድኩት ስለ አልጋው ነው" አለ ጋሽ ይርዳው። "አሰብ ተኝቻለሁ፣ ደሴ ተኝቻለሁ። ወገቤ ያረፈው እዚህ ነው። ለአልጋዬ ለተጨነቀችልኝ ይኼን አምጥቻለሁ።"

ይኼን ብሎ ብርድ ልብሱን በትርንጎ ትከሻ ላይ ደረበላት።

ዘነቡ ከጓሮ መግቢያው ላይ የቆሸሸ አንሶላ ታቅፋ ቆማ ነበር። ጠበቀች። ትርንጎ ቀና ብላ አየቻት፤ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ ትርንጎ ለጋሽ ይርዳው ጎንበስ ብላ "ምንም አይደል፣ ጋሽዬ" አለች።

በደሉ ይኼው ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ የለውም። ጋሽ ይርዳው ሁሉንም ተሰናብቶ፣ ዘነቡንም በመንገዱ ላይ ስላገኛት እግዜር ይስጥልኝ ብሏት፣ ሄደ። ዳግም አልተመለሰም።

ጠቡ ማድ ቤት ተነሣ።

"በእኔ መዝጊያ ላይ የተኛ ሰው አንቺን ያልብስሽ?" አለች ዘነቡ።

"እትዬ ዘነቡ፣ ያ ሁሉ ሾፌር ባለበት 'ተሳስተሃል' ልበለው? ሽማግሌ ላሳፍር?"

"እዚያው ቆሜ ነበር። ጣትሽን ወደ እኔ ብትቀስሪ ትቆረጥ ነበር?"

"አንቺስ አፍ የለሽም? ለምን አልተናገርሽም?"

"ለምኜ ልመስገን?"

ትርንጎ ብርድ ልብሱን ደረቷ ላይ ጭምቅ አድርጋ ያዘች። "እናንተ ይነስም ይብዛ፣ በወር የምትይዙት አላችሁ። እኔ ሰው ካልሰጠኝ ምን አለኝ? ወገቡን ያመዋል ብሎ የነገረሽስ ማን ነው? በዚያ ላይ ጥፊውን የቀመስኩት እኔ ነኝ። አፉ አልጋ አልጋ ይበል እንጂ እጁ ይኼን ያለበሰኝ ስለዚያ ጥፊ ነው። አፍሮ ነው ያላነሣው።"

"አንቺ ደግሞ የሰው ልብ ውስጥ ገብተሽ ታነቢያለሽ" አለች ዘነቡ።

ወርቅአንጥፉ ጭልፋዋን ድስቱ ጠርዝ ላይ ኳ አደረገችው። "ሁለታችሁም ትገርሙኛላችሁ። ሆዱ ባይድን ወገቡ ምን ያደርግለት ነበር? ቁልፉስ? እኔን ማን አነሣኝ? ወጥ ሲጥም ቤቱ ይመሰገናል። ሲያር ነው ወጥ ሠሪዋ ማን ናት የሚባለው።"

"እሺ፣ ምን ይሁን ትያለሽ?" አለቻት ትርንጎ።

"በየተራ እንልበሰው።"

"ማን ይጀምር?" አለች ዘነቡ፤ ነገሩ እዚያው ላይ ቀረ።

እትዬ ደብሪቱ በሩ ላይ ሆና ስትሰማ ኖራለች። "በቤቴ የተሰጠ የቤቴ ነው" አለች። "ነገ እስከ ምሳ ከተስማማችሁ ለተስማማችሁባት። ካልተስማማችሁ አንደኛው ክፍል ላይ አነጥፈዋለሁ። ነብር ያለበት አልጋ ኪራዩ ሌላ ነው።"

ሲመሽ ትርንጎ ከባንኮኒው ጀርባ ባለችው አልጋዋ ላይ ነብሩን ለብሳ ተኛች። ዘነቡ ጓሮ፣ ነፋሱ ጆንያውን እያርገበገበው፣ ተጠቅልላ ቀረች። ያንገበገባት ብርዱ አልነበረም፤ ብርዱንስ ለምዳዋለች። ያንገበገባት ጋሽ ይርዳው አገሩ ገብቶ፣ ከጎረቤት ጋር ተቀምጦ፣ ያቺን ደግ ሴት ባነሣ ቁጥር ድቅን የሚልበት መልክ የትርንጎ መሆኑ ነው። መዝጊያዋን ወስዶ፣ መልኳን ሳያውቅ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ዘነቡ እንደ ወትሮዋ ሻሿን አሥራ ወጣች። መጨረሻው ክፍል ገባች፣ ፍራሹን ወደ ግድግዳው አቆመችው፣ መዝጊያዋን መዘዘች። በጀርባዋ አዝላ በጓሮ አልዞረችም፤ ቁርስ የሚበሉትን ሾፌሮች እያሳለፈች በምግብ ቤቱ መሐል ነው የሄደችው።

"እመቤት፣ በር ተሸክመሽ ወዴት ነው?" አላት አንዱ እየሳቀ።

"ወደ ቤቴ" አለች።

መዝጊያውን ማጠፊያው ላይ ገጠመችው። ጆንያውን አጥፋ አስቀመጠችው። ከዚያ ሥራዋን ጀመረች፤ በየክፍሉ እየገባች የአልጋ ልብስ መሰብሰብ ሥራዋ ነውና ማንም ወዴት አላላትም። ከባንኮኒው ጀርባም ገባች፤ የትርንጎን አንሶላ አነሣች፣ ከአንሶላው ጋር ነብሩን አነሣች። ሁሉንም ታቅፋ ክፍሏ ገባችና መዝጊያውን ዘጋች። ከውስጥ መቀርቀሪያውን ወረወረችው።

ትርንጎ ሳህኖቹን ጠረጴዛ ላይ ትታ መጣች። አልጮኸችም። በለስላሳ መጠጥ ሳጥን ላይ በሩ ፊት ተቀመጠችና "እትዬ ዘነቡ፣ ጉንጬን አስታውሺ" አለች። ወርቅአንጥፉ ሽርጧን ፈትታ መጥታ አጠገቧ ቆመች፤ በማድ ቤቱ ትልቁም ትንሹም ድስት አልተጣደ። እትዬ ደብሪቱ መዝጊያውን በመዳፏ እየደበደበች "በቤቴ ግድግዳ ላይ የተገጠመ የቤቴ ነው" ትላለች። ሾፌሮቹ የሚያሳልፍላቸውም የሚያነጥፍላቸውም ቢያጡ አንድ በአንድ ወደ ጓሮ ወጡ። የተመታችው ይገባታል ያለ አለ። ሆድ ይቅደም ያለ አለ። መዝጊያውን በጣቱ አንኳኩቶ "ጥሩ እንጨት ነው" ያለም አለ። ውስጥ ግን ዘነቡ ነብሩን እስከ አገጯ ለብሳ፣ በራሷ በር ጀርባ ተቀምጣለች።

እንግዲህ ተነጋገሩበት። ያ ብርድ ልብስ ለማን ይገባል? ሳትናገር መዝጊያዋን ለነቀለችው ነው፣ ተመትታ ቁልፉን ላልሰጠችው ነው፣ ወይስ ማንም ስሟን ላላነሣላት ለባለ ትንሿ ድስት? ዘነቡስ መቀርቀሪያውን አንሥታ ብትወጣ፣ ነብሩን በማን ትከሻ ላይ ትደርበው?