የእትዬ ወለላ ሩብ ዙር

ተረት ተረት! የዚህኛው መሠረት አራት ጎማ ነው፤ ሦስቱ ነፋስ አላቸው፣ አራተኛው ተስፋ አለው።

በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ እትዬ ወለላ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ከሟች ባላቸው የወረሷት አንዲት ሰማያዊ የድሮ መኪና ነበረቻቸው። ትልቋ ልጃቸው ስትዳር ይህች መኪና ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ ሞተሯ ጠፋ። ሚዜ ገፋ፣ አማች ገፋ፣ በመጨረሻ ሙሽራዋም ቬሎዋን ሰብስባ ገፋች። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ሰፈሩ ግን አሁንም «ገፊዋ ሙሽራ» ይላታል። ነገ ደግሞ የትንሿ፣ የትርንጎ ሠርግ ነው።

እትዬ ወለላ የፈለጉት ትንሽ ነገር ነው። ካርቡራቶሩ ተፈቷል፣ ታጥቧል፣ ያረጀው በአዲስ ተተክቶ ተገጥሟል። የቀረው አንዲት ብሎን ሩብ ዙር መዞር ብቻ ነው። ያኔ መኪናዋ ቆማ ስትጠብቅ ሞተሩ ሳይጠፋ ቀስ ብሎ ያንጎራጉራል፤ ባለሙያዎች ይህን «ሚኒሞ ያዘ» ይላሉ።

መካኒኩ ሸምሱ ጋራዡ ግቢ ውስጥ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። በቀኝ እጁ ካቻቢቴ፣ በግራ ጣቱ ሞተሩ እንዳይጠፋ የቤንዚኑን ሽቦ ስቦ ይዟል።

«አዙራታ፣ ሸምሱ!»

«አቦ እትዬ፣ እኔ የማስተካክለው በጆሮዬ ነው! ያ ወፍጮ እንዲህ እያጓራ ምኑን ልስማ? ጣቴን ካነሳሁ ደግሞ ይጠፋል። ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

ወፍጮው ካልቆመ ሸምሱ አይሰማም፤ ሸምሱ ካልሰማ ብሎኗ አትዞርም፤ ብሎኗ ካልዞረች ሞተሩ ሚኒሞ አይዝም፤ ሞተሩ ሚኒሞ ካልያዘ ትርንጎ መኪና ልትገፋ ነው።

እትዬ ወለላ ከግድግዳው ወዲያ ወዳለው ወፍጮ ቤት ሄዱ። ባለወፍጮው አቶ ዋቅጅራ እስከ ቅንድቡ ዱቄት ለብሷል።

«ለእርስዎ ባቆም ደስ ባለኝ። ባለፈው ለአንድ ሰው ብዬ ባቆም፣ ወረፋ የያዙት ሴቶች በቁና አሯሯጡኝ። የቀበሌ ደብዳቤ ያምጡልኝና ጥፋቱ የደብዳቤው ይሁን።»

ደብዳቤ ካልመጣ ወፍጮው አይቆምም፤ ወፍጮው ካልቆመ ሸምሱ አይሰማም፤ ሸምሱ ካልሰማ ብሎኗ አትዞርም፤ ብሎኗ ካልዞረች ሞተሩ ሚኒሞ አይዝም፤ ሞተሩ ሚኒሞ ካልያዘ ትርንጎ መኪና ልትገፋ ነው።

ቀበሌ ሄዱ። ጸሐፊዋ ፋይዛ በአክብሮት ተቀበለቻቸው።

«ደብዳቤው ድሮ ተጽፏል እኮ እትዬ። ቀንና ምክንያት ብቻ ነው የጎደለው። ግን የጫጫታ ቅነሳ ኮሚቴው ካልወሰነ ከመሳቢያ አይወጣም።»

ይህ ኮሚቴ እጅግ ጠቃሚ ኮሚቴ ነው። ከተቋቋመ አራት ዓመቱ ነው፤ እስካሁን ማንንም አልረበሸም። አራት አባላቱ እዚያው ቀበሌ ግቢ፣ በጋለ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አንድ አግዳሚ ላይ ተደርድረው፣ ሰብሳቢው አቶ ክንዴ በመተዳደሪያ ደንቡ ፊታቸውን ያራግባሉ።

«ከጠዋት ጀምሮ ተሰብስበናል፤ ግን አልተሰበሰብንም» አሉ አቶ ክንዴ። «አባላቱ አምስት ነን። አምስተኛው ካልመጣ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም።»

«አምስተኛው ማን ነው?»

«ሸምሱ ነዋ፣ የጋራዡ! ጫጫታን እንደሱ የሚያውቅ የለም ብለን መረጥነው።»

እትዬ ወለላ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። በጣታቸው ቆጠሩት። ሸምሱ ካልመጣ ኮሚቴው አይሞላም፤ ኮሚቴው ካልሞላ ደብዳቤው አይወጣም፤ ደብዳቤው ካልወጣ ወፍጮው አይቆምም፤ ወፍጮው ካልቆመ ሸምሱ አይሰማም፤ ሸምሱ ካልሰማ ብሎኗ አትዞርም፤ ብሎኗ ካልዞረች ሸምሱ አይመጣም። ትርንጎ ግን ልትገፋ ነው።

«አቶ ክንዴ፣ አንዱ ወደ አራቱ ካልመጣ፣ አራታችሁ ወደ አንዱ ብትሄዱስ?»

«ስብሰባ ይሄዳል እንዴ፣ እትዬ?»

«ደንቡ ይከለክላል?»

አቶ ክንዴ ማራገባቸውን ትተው ደንቡን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበቡት፤ ከፊትም ከኋላም። «አይከለክልም» አሉ በሐዘን። «አይፈቅድምም።»

«ጋራዡ ግቢ ኒም ዛፍ አለ። ጥላው ቀዝቃዛ ነው።»

«ተፈቅዷል!» አሉ አራቱም ባንድ አፍ። በአራት ዓመት የመጀመሪያው የሙሉ ድምፅ ውሳኔ ይህ ነው።

ኮሚቴው ኮፈኑን ከቦ ቆመ። ሸምሱ ከነካቻቢቴው አምስተኛ ሆነ።

«አጀንዳ አንድ!» አሉ አቶ ክንዴ።

«ምን አሉ?» አለ ሸምሱ፤ ወፍጮው ድምፃቸውን ውጦታል።

«አንድ!»

«ላንድድ? ማንን?»

አቶ ክንዴ ንግግራቸው ተቋርጦ አያውቅም። ጎማ ላይ ቆመው በግድግዳው አናት ጮኹ፤ «አንተ ዋቅጅራ! አጥፋው! ስብሰባ ላይ ነን!»

አቶ ዋቅጅራ ደብዳቤ አላየም። ነገር ግን ብልህ ሰው ነው፤ ስብሰባ አጠገብ የተገኘ ሰው አባል ሊደረግ እንደሚችል ያውቃል። ዘሎ አጠፋው። ሴቶቹም በዚሁ ፍርሃት ቁናቸውን አስቀመጡ።

ሰብሳቢው ጮኹ፣ ወፍጮው ቆመ፤ ወፍጮው ቆመ፣ ሸምሱ ሰማ፤ ሸምሱ ሰማ፣ ብሎኗ ዞረች፤ ሩብ ዙር። ሸምሱ ጣቱን ቀስ ብሎ አነሳ። ሞተሩ አልጠፋም። ሚኒሞ ያዘ፤ እንደ ጠገበ ድመት።

ኮሚቴውም ቃለ ጉባኤ ጻፈ፤ «አባላቱ በቦታው ተገኝተው አዳምጠዋል። ምንም ዓይነት ጫጫታ አልተሰማም። ስለዚህ ደብዳቤ አያስፈልግም።» አምስት እጅ ወጣ፤ አንዱ ካቻቢቴ ይዟል። ወዲያው ወፍጮው አጓራ።

በማግስቱ ሰማያዊቷ መኪና ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ፎቶ አንሺው እስኪጠግብ ቆመች፤ እያንጎራጎረች። ገፊዋ ሙሽራ ከልማድ ከኋላ ቆማ፣ ሁለት እጇን መኪናዋ ላይ አሳርፋ ትጠብቅ ነበር። መኪናዋ ከእጇ ሥር ራሷ ሄደች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን ተዉት፣ እጄን በጨርቅ አብሱልኝ፤ ግራሶ ነክቶኛል።