የእማዋይሽ የአንገት መሐለቅ

ፊታውራሪ ጎባው ጥልፍ ሠሪዋን እማዋይሽን የአንገት መሐለቋን ቀሟት። ፊታውራሪ ከጥንት ነገሥታት መሐለቅና ከኒሻን በቀር ሌላ ፍቅር አያውቁም ነበር አሉ፤ ገበሬ ሲያርስ አንድ የዛገ ነገር ካገኘ እሳቸው ደጅ ሳያደርሰው አያድርም። የእማዋይሽ ደግሞ በአንድ ፊቱ ዘውድ የደፋ ንጉሥ፣ በሌላው ፊቱ መስቀል ያለበት የጥንት የነሐስ ሳንቲም፣ መሐለቅ ነው። እናቷ ከመስቀሉ አናት በላይ አስበስታ፣ በክር አድርጋ፣ አንገቷ ላይ አስራላት ሞታለች። ፊታውራሪ ለእንግዳ አሳይቼ እመልስልሻለሁ ብለው ወሰዱት። ሁዳዴ ገብቶ ወጣ፤ መሐለቁ የለም።

ፋሲካ እንዳለፈ ደጅ ጠንታ ጠየቀቻቸው። ሳቁባት። ካንቺ አንገት ላይ ላብ ሲጠጣ ከሚኖር እኔ ዘንድ ከነገሥታት ጋር ቢቀመጥ ምን ጎደለው አሏት።

«ምንም አልጎደለው ጌታዬ፤ እኔ ዘንድ ግን እስረኛ አልነበረም።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ የመሐለቅ ማስቀመጫ ሣጥናቸውን ውስጡን ከፋይ እንድታለብስላቸው አስጠሯት። ዓይኑን እንኳ ልየው ብላ ሄደች። ክዳኑ ሲከፈት የእሷው መሐለቅ መሀል ላይ ተጋድሞ አየችው። እጇን ብትሰድ ፊታውራሪ ሣጥኑን ጣቷ ላይ ሊከድኑባት ምንም አልቀራቸው። ያባቴን ቅርስ አትንኪ አሏት።

«ወይ ጉድ! አምና የእኔ የነበረ ዘንድሮ ያባትዎ ከሆነ፣ ለከርሞ የአዳም ነው ማለት ነው።»

በሚካኤል ግብር ዕለት ፊታውራሪ ከነጋዴ የሰበሰቡትን የባሕር ማዶ ኒሻን ሁሉ ካባቸው ላይ ደርድረው ወጡ። አንድ ሽማግሌ ይህኛው የየትኛው ዘመቻ ነው ብለው ጠየቋቸው። ፊታውራሪ ወሬ ለመለወጥ ከበሩ አጠገብ ወደተቀመጠችው እማዋይሽ ዞሩና፣ አንቺ ለመሆኑ ኒሻን ምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ አሏት። ካባውን የጠለፈችው እሷ ነበረች።

«እንዴት አላውቅም? የጀግና ደረት ላይ ሲሆን ቁስል ይሸፍናል። የእርስዎ ላይ የሸፈነው የኔን ጥልፍ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ግቢያቸውን እንዳትረግጥ ተከለከለች። መሐለቁንም አቅልጠው ቀለበት ሊያሠሩት ነው የሚል ወሬ ደረሳት። እናቷ ትታላት የሄደችው እሱን ብቻ ነውና ዳኛ ፊት ከሰሰቻቸው።

የዘመኑ ሙግት በውርርድ ነው። ፊታውራሪ በቅሎ ተወራረዱ። ዳኛው አንቺስ ምን ታስይዣለሽ ቢሏት፣ ያላት ምላሷ ብቻ መሆኑን ተናገረች፤ ከተረታች በፊታውራሪ ላይ ዳግመኛ ቃል ላትተነፍስ። ችሎቱ ሳቀ። ዳኛውም ሳቁ፤ የፊታውራሪን ማዕድ ስንት ጊዜ የቀመሱ ሰው ናቸው።

ፊታውራሪ ተነሥተው ማሉ። አባቴ ለንጉሥ ክብር ሲሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንገታቸው ላይ ያሰሩት መሐለቅ ነው፤ ሁልጊዜም ንጉሡን ወደ ውጭ፣ ለሰው እንዲታይ አድርገው ነበር የሚያስሩት አሉ። ዳኛው ምስክር እንዳላት ጠየቋት። እናቷ ሞታለች፤ ሌላ የላትም። ሊፈርዱባት አፋቸውን ሲያሟሹ እማዋይሽ አንድ ነገር ብቻ ለመነች፦ ፊታውራሪ መሐለቁን እንዳባታቸው አድርገው አስረው ያሳዩን።

ፊታውራሪ ደስ እያላቸው መሐለቁን ከነክሩ ከኪሳቸው አውጥተው አሰሩት፤ ንጉሡን ወደ ውጭ አዙረው ደረታቸውን ነፉ። ክሩ የገባበት ቀዳዳ ግን ከመስቀሉ አናት በላይ ነው። በመስቀሉ በኩል አናት የሆነው በንጉሡ በኩል ግርጌ ኖሯል። ንጉሡ ዘውዱን ወደ ፊታውራሪ እምብርት ደፍቶ፣ አንገቱን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ተንጠለጠለ።

ዳኛው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ። እማዋይሽ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች፦

«ጌታዬ ዳኛ፣ የኔ እናት መስቀሏን አቁማ ነው ያንጠለጠለችው። የፊታውራሪ አባት ግን ንጉሣቸውን ዕድሜ ልካቸውን ዘቅዝቀው ሰቅለው ከኖሩ፣ እኔ መሐለቁ ይቅርብኝ፤ ልጃቸው ከነወንጀሉ ይውረሱት።»